የአፍንጫ ብድር

ዝናቡ ሳይነሣ ገና ከዴዶ ጋራ ሥር፣
ሂርማታ ገበያው ፀሐይ ላይ ሲያንጎራጉር፣
እኔ ቀምሼዋለሁ፤
ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ ጥሬ ብረት ይላል።
«ልብስ አስገቡ» ስላቸው ጎረቤት ይስቃል፤
ቆርቆሮው ሲንጫጫ ያኔ ሳቅ ይጠፋል።

ለእነሱ አንድ ዝናብ ነው።
ለእኔ ጠብታው ሁሉ ለየብቻ ይወርዳል፦
አንዱ ሚስማር ራስ ላይ፣ አንዱ በዝገት ቀዳዳ፣
አንዱ አሸንዳው ውስጥ፣ እንደ ዘገየ እንግዳ።
ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ስፌቴን አቆማለሁ፤
ቆጥሮ እስኪያበቃ ድረስ፣ አብሬው እቆጥራለሁ።

እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።
የዩኒፎርሜ ክሳድ እንደ ሳማ ፈጀኝ፣
መምህሬ «ቅብጥ» አለኝ።
እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤
የባልዲውን ዝገት ቀምሼ ተፋሁት።
እማማ ሩቂያ ክታብ አሰሩልኝ፤
ፍየሉ መቼ እንደታረደ ከአንገቴ ሥር አሸተትኩት።
ከዚያ ወዲህ ማንም አልሞከረ፤
«ትርንጎ እንዲሁ ናት» ተባለና ቀረ።

ጣቴ ግን እንጀራ ሆነኝ።
ፖሊስተሩን «ሐር ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ የመጣ፣
በአንዲት አውራ ጣቴ ስንቱ አፍሮ ወጣ!
ጨርቅ አይዋሸኝም። የሚከብደኝ ቀሪው ነው፦
የባጃጅ ጡሩምባ ጥርሴ ውስጥ ሲሰካ፣
የጫቱ እስር ሲፈታ የኮባ ቅጠሉ ሽታ፣
የሱቄ አምፖል እንደ ዝንብ ቀን ሙሉ ሲያጉረመርም፤
የደንበኛዬ ሽቶ፣
ከሽቶው ሥር ያልተተኛ ሌሊት፣
ከሌሊቱ ሥር ለቅሶ፤
እኔ ግን ወገቧን እለካለሁ፣ ሌላ ምን ልላት?

ሐኪም ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፦
«እንደ ሬዲዮ ድምፅ፣ ዝቅ የሚያደርገኝ የለም?»
ወጣቱ ሐኪም መረመረ፣ ዓይኔንም ጆሮዬንም።
«ደህና ነሽ» አለኝ፣ «ሁሉም በጣም ደህና!»
ከዚህ ደህንነት ሌላ ምን ገደለኝና።

አንድ ሐሙስ ሚፍታ መጣ፣ በርጩማ ጠራቢው ጎረቤቴ፣
በመዳፉ የእንጨት ፍቅፋቂ ይዞ ቆመ ከፊቴ።
ያ ትኩሳት ከለቀቀው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤
ሽንኩርት ቢያር አይሰማው፣
እሳት ቢነሣ በዓይኑ ነው የሚያውቀው።
«ትርንጎ» አለኝ፣ «እስቲ ይህን አሽትቺልኝ።»

«ዋንዛ ነው።»
ሳቀ። «እሱንማ አውቃለሁ።»
«ውሃ ዳር የበቀለ፤ የአዌቱ ጭቃ አለበት።
ንብ ከርማበት ነበር። አንዴ ቆስሎ ድኗል።»
ዝም አለ። ከኪሱ መሮውን አወጣ፣
በእጀታው በኩል አቀበለኝ።
«ላብህ» አልኩት፣ «ከሥሩ ግን ሌላ ላብ አለ፣
ያረጀ፣ ጨዉ የረገበ፣ ከጤና አዳም የተቀላቀለ።»
ሚፍታ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።
«አባቴ ነው» አለኝ ቆይቶ።
«መዳፉ ላይ ያሽ ነበር።
ጠፍቷል ብዬ ነበር እኮ።»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ብድር ጠያቂ ሆነ፤
አንዴ የጌራ ማር፣ አንዴ የሚስቱን ሻሽ፣
አንዴ እፍኝ አፈር፣ ከጓሮው፣ ዝናብ ያረፈበት።
ባለፈው ልጅ አመጣ፣ የአርባ ቀን፣ በጋቢ ጠቅልሎ።
«አናቷ ምን ምን ይላል?»
ጎንበስ አልኩ። ማሽኔ ቆሟል። ቃል ፈለግሁ።
«አዲስ ጣቃ» አልኩት፣ «መጀመሪያ ሲዘረጋ፣
ሜትር ሳያርፍበት፣ መቀስ ሳይነካው።»
አላመነኝም መሰል፣ ራሱ አሸተታት።
ምንም።
አፍንጫውን ግን እዚያው ተወው።

ማታ ዘነበ።
ሚስማሩ፣ ቀዳዳው፣ አሸንዳው፣ ሁሉም በየስሙ ተጠራ።
አንዱን ጥጥ አወጣሁ።
ሌላውን ተውኩት፤
ሁለቱን ገና አልቻልኩም።